ሁለት የፊዚክስ መምህራንና አንድ ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ ጓዳ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም የእህቴ ልጅ ሜሮን ስልኳን ይዛ መጣችና "አክስቴ፣ እስኪ ይሄን ስሚልኝ" አለችኝ። ስልኩ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ስለ ሁለት የፊዚክስ ሕጎች ያስረዳል። አንዱ ስለ ከዋክብትና ስለ ስበት የሚናገረው አንጻራዊነት ነው፤ ሌላው ስለ አተምና ከአተም ስላነሱ ነገሮች የሚናገረው ኳንተም ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ተፈትነው ትክክል ሆነው ተገኝተዋል። አንድ ላይ ሲያስቀምጧቸው ግን ሒሳቡ ይበላሻል። "እስከ ዛሬም ያስታረቃቸው የለም" ብሎ ሰውዬው ፈገግ አለ። ሜሮንም ሳቀች። እኔ ግን ሰፌዱን መሬት አስቀመጥኩ።

"ምነው አክስቴ?"

"እኛ ቤት ሊያስታርቋቸው ሞክረው ነበር" አልኳት።

"እነማን?"

"አያትሽ ናቸዋ።"

እንዳልቀለድኩ ከፊቴ አይታ ስልኳን ዘጋች። እኔም ነገርኳት።

አቦከር ሰፈር ያለው ግቢያችን ያኔም እንዳሁኑ ጠባብ ነበር። ከበሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይተው የሚኖሩት ከሌላ ክፍለ አገር ተመድበው የመጡ ሁለት መምህራን ነበሩ። መምህር ጸጋዬ ረዥም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። መምህር ግርማ አጠር ያሉ፣ ሳቂታ፣ ኪሳቸው ኦቾሎኒ አጥቶ የማያውቅ። ትምህርት ቤታችን ከነዚህ ከሁለቱ በቀር የፊዚክስ መምህር አልነበረውም። ጠዋት ፈረስ መጋላ ገበያ ወርደው አንድ ፈጢራ፣ እንቁላል ያለበትን ቂጣ፣ ለሁለት ይበላሉ፤ ውኃ በሚጠፋበት ሰሞን አንዲት በርሜል ይካፈላሉ። እናቴ "የአንድ እናት ልጆች እንኳ እንዲህ አይሆኑም" ትል ነበር፤ ፍቅራቸው ሲያስቀናት።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ማጥናት እፈልግ ነበር። ምክንያቴ ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ እልህ ነው፤ ሴት ልጅን ፊዚክስ ምን ያደርግላታል የሚሉኝን ሁሉ ማናደድ ደስ ይለኛል። ለዚህ ደግሞ የሁለቱም መምህራን ትምህርት ያስፈልገኝ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው ፈተናውን አያሻግረኝም።

ከፋሲካ በኋላ፣ የፊዚክስ ክበባችን ቀን ነበር፣ መምህር ጸጋዬ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከመኪና ግርግር ቁራጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። በአራት ተማሪ አስወጥረው መሃሉ ላይ ብርቱካን አኖሩበት። ጨርቁ ጎደጎደ። "ስበት ማለት ይሄ ነው። ከባድ ነገር ቦታንና ጊዜን ያጎብጣል። ጨርቁ ግን አንድ ወጥ ነው፣ መቆራረጥ የለበትም" አሉ። መምህር ግርማ ጨርቁን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። "እስኪ ቀርባችሁ እዩት። ክርና ቀዳዳ ነው። ትንሹ ዓለም እንዲህ በቁርጥራጭ ነው የሚሄደው፤ ቅንጣቷ የት እንደምትገኝም አስቀድማችሁ መናገር አትችሉም፣ የምታሰሉት ዕድሏን ብቻ ነው።"

ብርቱካኑ ከክሩ ቀዳዳ ቢያንስ፣ ክብደቱ ግን ባይቀንስ፣ የማንኛው ሕግ ነው የሚሠራው ብዬ ጠየቅሁ። ሁለቱም በደስታ ጠመኔ አነሱ። ሰሌዳው እስኪሞላ ጻፉ፣ አጠፉ፣ ጻፉ። መልሱ በየመንገዱ ማለቂያ የሌለው ቁጥር እየሆነ ወጣ፤ መልስ የለም ማለት ነው። መምህር ጸጋዬ ላባቸውን ጠርገው "ያንተ ቁማር ነው ያበላሸው" አሉ። መምህር ግርማ እየሳቁ "ያንተ ፊዚክስ እኮ ጡረታ የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል" ብለው መለሱ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ስቄያለሁ። መምህር ጸጋዬ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢያችን ከበደኝ። በርሜሏን አንዳቸው ሲቀዱባት ሌላው ከክፍሉ አይወጣም። ግንቦት ገባ፤ ማንጎው በየመንገዱ ተቆለለ፤ የፈተናችን ጊዜ ተቃረበ። አንድ ጠዋት መምህር ጸጋዬ ወደ ድሬዳዋ መዛወር መጠየቃቸውን ሰማን። ሌሊቱን አለቀስኩ። አባቴ ዓይኔን አይተው "እናስታርቃቸዋለን፣ ሰው ያልታረቀበት ምን ነገር አለ?" አሉ። በሰፈሩ ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀዋልና አመንኳቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴና ጎረቤታችን አው ዩሱፍ ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ። ማንጎ ቆርጬ አቀረብኩ፤ የነካው የለም። መምህራኑ የጠቡን ምክንያት ሲጠየቁ ሁለቱም ስለ ሕጎቹ ማስረዳት ያዙ። ስለዚያ ሳቅ የተናገረ አልነበረም። አባቴ ብዙ ካዳመጡ በኋላ "ከሁለቱ ሕጎች ታላቁ ማንኛው ነው?" ብለው ጠየቁ።

"በፅንስ የእኔ ይቀድማል፤ ሙሉ ሆኖ በመወለድ ግን የእሱ" አሉ መምህር ግርማ።

አው ዩሱፍ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወላሂ፣ እኔ አንዱም አልገባኝም። ሁለቱም ሐቅ ነው ካላችሁ ግን ማንን ጥፋተኛ ልንል ነው?"

"ጥፋተኛ ባይኖር ታናሽ አለ" አሉ አባቴ። "ግርማ በዕድሜ ታናሽ ነህ፣ ሕግህም በልደት ታናሽ ነው። ተነሥና ይቅርታ ጠይቅ።"

በእኛ ዘንድ ወጉ ይኸው ነው፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ዝቅ የሚለው ታናሽ ነው። መምህር ግርማ አላመነቱም። ወጥተው ከበሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አነሡና ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። "አጥፍቻለሁ" አሉ። አባቴ እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት!

"እንዲያው አጥፍቻለሁ አይበቃም። ምን እንዳጠፋህ ተናገር።"

መምህር ግርማ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አስተካከሉ። ላባቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ "የማስተምረው ነገር ስህተት ነው። ትክክሉ የጸጋዬ ነው" አሉ።

አባቴ ደስ አላቸው። "ይኸው! በል መምህር ጸጋዬ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በል።"

መምህር ጸጋዬ ተነሡ። ሊስሟቸው ነው ብዬ እጄን ለጭብጨባ አዘጋጅቻለሁ። ድንጋዩን ከጓደኛቸው ማጅራት ላይ አውርደው ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

"ስህተት እንዳልሆነ ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ" አሉ። "ልጆቹ ሳቁብኝ፣ ያመመኝ እሱ ነው። ሰድቤሃለሁ ብትለኝ አሁኑኑ እስምህ ነበር። ለእኔ ብለህ እውነቱን ከካድክ፣ ከእንግዲህ የምትለኝን እንዴት ልመን?"

"እንዳትሄድብኝ ብዬ እኮ ነው፣ ጸጋዬ" አሉ መምህር ግርማ። መምህር ጸጋዬ ግን ወጥተው ነበር።

በሳምንቱ ዝውውሩ መጣ። የሁለቱንም ትምህርት መምህር ግርማ ብቻቸውን ያዙት። የአንጻራዊነቱን ምዕራፍ በጥንቃቄ አስተማሩን፤ የራሳቸው ምዕራፍ ሲደርስ ግን ሰሌዳው ፊት ቆመው ቆዩና "ይሄን ራሳችሁ አንብቡት" ብለው ወጡ። ፈተናው ለፊዚክስ የሚያበቃ ውጤት አልሰጠኝም። ለአጭር የፋርማሲ ሥልጠና ተመደብኩ፤ ዕድሜዬን በሙሉ መድኃኒት ስሰጥ ኖርኩ። ቅር ይልሻል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ዛሬም ቅር ይለኛል።

ይህን ሁሉ ለሜሮን ከነገርኳት በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ኦቾሎኒ ገዝቼ ፈላና በር አካባቢ ወደሚኖሩት ወደ መምህር ግርማ ሄድኩ። ጥርሳቸው ስላለቀ ኦቾሎኒውን በእጃቸው እያንከባለሉ አዳመጡኝ። ሕጎቹ እስካሁን አልታረቁም አልኳቸው።

"ለነሱ አታስቢ" አሉኝ። "እነሱ ጊዜ አላቸው። አንድ ቀን አንዷ ተነሥታ ሁለቱንም የሚይዝ ነገር ታገኛለች። ጸጋዬ ግን ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ድሬዳዋ እኮ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ናት። ስንቴ መናኸሪያ ደርሼ ተመለስኩ መሰለሽ።" ኦቾሎኒውን አስቀምጠው "ያን ቀን የተጠየቅሁት የሰው ነገር ነበር፤ እኔ የፊዚክስ መለስኩ" አሉ።

አባቴ እንደ ባልና ሚስት ጠብ አይተውት፣ ሁለቱ እንደ ሒሳብ አይተውት፣ መካከል ላይ የታመመው ሰው ሳይጠየቅ ቀረ። ወደ ቤት ስመለስ ድንጋዩ በሩ ሥር ነበር። ያኔ መምህር ጸጋዬ ካስቀመጡት በኋላ እናቴ መልሳ አውጥታው ነበር፤ እስከ ዛሬ ነፋስ እንዳይመታው በሩ ይደገፍበታል። ሜሮን ልትወጣ ስትል በእግሯ ገፋ አደረገችው። "በእጅሽ አንሺው" አልኳት።