የአባባ ዓሦችና የለቡ ቀይ አሽ

ባለፈው ቅዳሜ ለትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የዓሣ ምግብ ልገዛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ወዳለች የዓሣና የወፍ መሸጫ ሱቅ ገባሁ። ከእኔ በፊት የገቡ፣ አዲስ ተጋቢዎች የሚመስሉ ወጣቶች ባንኮኒው ላይ የተዘረገፈውን እያገላበጡ ይከራከራሉ። ባለሱቁ ነጫጭ የሸክላ ቀለበቶች፣ ጥቁር ስፖንጅና እሾሃም የፕላስቲክ ኳሶች አውጥቶላቸዋል። ሁሉም የአኳሪየም ውሃ ማጣሪያ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ልጅቷ "ስፖንጁ ይበቃል" ትላለች፤ ልጁ "ቀለበቱ ይሻላል" ይላል። አንዳቸውም አልበገር አሉ። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ዞረው ሲያዩኝ አፍሬ፣ የመጣሁበትን ገዝቼ ወጣሁ። በዚሁ ጉዳይ የእኛም ቤት አንድ ሰሞን ሙሉ እንዲህ ተከራክሮ ነበር።

የመንግሥት ለውጥ በሆነ ማግሥት ነው። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እማር ነበር፤ ቤታችን ሜካኒሳ ነው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ በንብረት ክፍል ኃላፊነት የሠራበት መሥሪያ ቤት ፈረሰና ቤት ዋለ። ሳሎን ውስጥ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳውን ያያል። የቀረበለትን ትንሽ ቀማምሶ ሳህኑን ገፋ ያደርገዋል። እኛም እንዳይከፋው ብለን በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። ሬዲዮኑ እንኳ ድምፁ ተቀንሶ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ጎፋ አንድ መስታወት ቤት ይሠራ ነበር። ከአገር የሚወጡ የውጭ ሰዎች አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ አኳሪየም ትተውለት ሄዱ። የተሰነጠቀውን ለውጦ፣ በሲሊከን አጣብቆ፣ በጋሪ አስጭኖ አመጣው። ከትንሽ የአየር ፓምፕ ጋር የማጣሪያ ሣጥንም ነበረው፤ ሣጥኑ ግን ባዶ ነው። ሳር ቤት አካባቢ የአንድ ትልቅ ግቢ አትክልተኛ የሆነ ጓደኛው ደግሞ ከግቢው ኩሬ ወርቃማ ዓሦች ሰጠው። አባባ ወንበሩን ከግድግዳው ወደ ዓሦቹ አዞረ። እማዬ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ደስታው አልዘለቀም። ውሃው ወተት ጠብ ያለበት መስሎ ደፈረሰ፤ ዓሦቹ ላይ ላዩን እየመጡ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጉ ጀመር፤ ከዚያ በየተራ ሞቱ። አባባ በጭልፋ እያወጣ ጓሮ ኮኩ ሥር ቀበራቸው። ሲመለስ ተስፋዬን፣ "ይሄን ነገር ወደ አመጣህበት ውሰድልኝ" አለው። ወንበሩንም ወደ ግድግዳው መለሰ።

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ምሳ ላይ ሹክሹክታውን ትቼ ማስረዳት ያዝኩ። የዓሣው ቆሻሻ ውሃው ውስጥ መርዝ ይሆናል፤ ያንን መርዝ የሚያረክሱ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱም ተጣብቀው የሚኖሩበት ነገር ይፈልጋሉ፤ ማጣሪያው ሣጥን ቤታቸው ነው፤ የእኛው ግን ባዶ ነው አልኳቸው።

አባባ ጉርሻውን አቆመ። "እና ቤት አጥተው ነው የቀሩት?"

በስንት ጊዜው የጠየቀው ጥያቄ ነበር።

"አዎ። ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው የሚፈልጉት።"

"የፍራሽ ስፖንጅ አለላችሁ" አለ ተስፋዬ።

"ከሰል ነው እንጂ" አለች እማዬ። "ሽታ እንኳ የሚያጠፋው እሱ አይደል?"

"የወንዝ ጠጠር" አለ አባባ። "አይበሰብስም።"

"ጠጠር ድፍን ነው፣ አባባ።"

"ማን አለሽ? ሰብረሽ አይተሽዋል?"

ወጡ እስኪበርድ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ተስፋዬ ወደ ለቡ በሚሠራው መንገድ ዳር ቀይ አሽ ተከምሮ ማየቱን ነገረን፤ ያ ቀለል ያለ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቀይ ድንጋይ። እኔ ሄጄ አመጣለሁ ሲል አባባ ተቆጣ። "እኔ ዕቃ ሳላይ ተረክቤ አላውቅም" ብሎ ኮቱንና ባርኔጣውን አምጡ አለ።

እሁድ በእግራችን ሄድን። ኅዳር ነበር። ያኔ ከሜካኒሳ ወዲያ ቤቱ እየሳሳ ሄዶ ማሳ ይሆናል፤ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ ያነሣዋል። ከአንዲት ገበሬ እሸት ሽምብራ ገዝተን እየፈለፈልን በላን፤ ጨዋማ ጎምዛዛው ጣታችን ላይ ቀረ። አባባም ኪሱን ሞላ። ክምሩ ጋ ስንደርስ ዘበኛውን አስፈቅዶ ተንበረከከና አንድ በአንድ መምረጥ ጀመረ። "ይሄ ድፍን ነው። ይሄ ይፈረፈራል። ይሄ ይሁን።" ፀሐዩ አናታችንን እስኪበሳው መረጠ።

ቤት እንደገባን ውሳኔው በፈተና ይሁን አለ። የእማዬን የእንግዳ ብርጭቆዎች አሰልፎ ውሃ ሞላና በየአንዳንዱ ስፖንጅ፣ ከሰል፣ ጠጠርና ቀይ አሽ ጨመረ። ጠጠሩ ዝም አለ። ከሰሉ ተንሳፈፈና ውሃውን አጠቆረው። ስፖንጁ ጠጣ፤ ሲነኩት ግን ጭምቅ ይላል። ቀይ አሹ አረፋውን ከየቀዳዳው እየለቀቀ ሲጢጥ ሲጢጥ ይል ጀመር። አባባ ጆሮውን ብርጭቆው ላይ ለጠፈ።

"ይሄ ሁሉ ክፍል ነው" አለ። "ተከራይ ብቻ ነው የጎደለው።"

ተስፋዬ እንዳይከፋው፣ ስፖንጁም ቆሻሻውን ቀድሞ እንዲይዝ ከላይ ይቀመጥ ተባለ። እማዬ ግን ስለ ብርጭቆዎቿ ለመታረቅ ጊዜ ወሰደባት።

ድንጋዩን ደጅ ስናጥብ ቀዩ ውሃ በአጥሩ ሥር ወደ መንገድ ወጣ። ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ በሩን ገፋ አድርጎ አባባን፣ "ደምሴ፣ በዓል ሳይደርስ ምን አረዳችሁ?" አለ። የሆነውን ሲሰማ በግራ መጋባት አየን።

ከዚያ የመጣው ጊዜ ነው ከሁሉ የሚያስቀኝ። ባክቴሪያዎቹ እስኪባዙ ዓሣ አይገባም፤ እነሱ ግን መብላት አለባቸው። አባባ በየጠዋቱ ቆንጠር አድርጎ የዓሣ ምግብ ባዶው ውሃ ውስጥ ይበትናል።

"ለማን ነው?" አለች እማዬ።

"ለማይታዩት።"

"ለሚታዩት ቁርስ ቀርቧል፣ ና።"

ጋሽ ወርቁ ደግሞ ሊጠይቀው ሲመጣ ውሃው ፊት ያገኘዋል።

"ዓሣው የታል?"

"ገና ነው።"

"ታዲያ ምን ታያለህ?"

"ውሃውን።"

ሰውዬው ወጥቶ ለሚስቱ፣ "ደምሴን በጸሎት አስቢው" አላት። በማግሥቱ ግን ተመልሶ መጣ፤ በሳምንቱ የራሱን ዱካ ይዞ ነበር። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም አባባ ውሃውን በጣሳ እየቀዳ ድንጋዩ ላይ ያፈስሳል፤ ሲደክመው ጋሽ ወርቁ ይቀበለዋል።

ጥምቀት ሲያልፍ ተስፋዬ አዳዲስ ዓሦች በባልዲ አመጣ። አባባ ሁሉንም ባንዴ ማስገባት ከለከለ፤ ጥቂቶቹ ገቡ፣ የቀሩት ባልዲ ውስጥ ተራ ጠበቁ። በነጋታው ስነሣ እማዬ ሁላችንንም ቀድማ በሌሊት ልብሷ መስታወቱ ፊት ቆማለች። "ይዋኛሉ" አለች ቀስ ብላ። በሚቀጥለውም ቀን ዋኙ። ውሃው ጠራ፤ የቀሩትም ገቡ፤ ክረምት ሲመጣ ወፍረው ነበር።

ጋሽ ወርቁ ለእኔም ይሠራልኝ አለ፤ እሱን ያየ ሌላ ሰው ተከተለ። ተስፋዬ መስታወቱን ይገጥማል፣ አባባ ከረጢት ይዞ ቀይ አሽ ሊመርጥ ይወጣል። ጫማው አቧራ ጠጥቶ ይመለስና ገና ከበር፣ "በረሃብ ልንሞት ነው፣ ምሳ የለም?" ይላል። በኋላ ሰፈራችን አጠገብ በተከፈተ ዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ሥራ አገኘ። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ግን ዓሦቹን ነበር፤ እማዬ ይሄን እስከ መጨረሻው ይቅር አላለችውም።

አባባ ካረፈ ዓመታት አለፉ። ዓሦቹ አዳኑት እል ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ዓሦቹ ብቻ አይመስሉኝም። ስናዝንለትና ስንጠነቀቅለት ዝምታው ይብስ ነበር። ተሳስተሃል ስንለው ነው የተመለሰው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሥራ ፊቱ ጠቁሮ ገባና ሶፋው ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ምን ሆንክ አላልኩትም። ኩሽና ገብቼ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ በክር ጠምጥሜ ልጠግነው ነው አልኩት።

"በክር?" አለና ተነሣ።

እራት እስኪቀርብ ሲያስረዳኝ ቆየ። እኔም አልተስማማሁም።