አያቴን እንግዳ ያደረግንበት ሰርግ

አያቴ ሀዲይኛ ሲናገር ጉራጊኛው ብቅ ይልበት ነበር። ሰው ፈገግ ካለ ጥርሴን አሞኝ ነው ይላል። ጥርሱ አልቆ እንኳ ምክንያቱ አልተለወጠም። የሀዲያ ጎሳችንን አባቶች ሲቆጥር ግን የሚስተካከለው አልነበረም፤ እዚያው ጎሳ ውስጥ የተወለዱት መሃል ላይ ሲደናገሩ እሱ ጨርሶ ጉሮሮውን ይጠርጋል። መጤ ያለው ሰው ደጃችንን ዳግም አይረግጥም። እኛም ጓዳ ገብተን እንስቅና ውጭ ስንወጣ እንደሱ እንቆጥር ነበር።

ጣጣው የመጣው ልጄ የሆመቾ ከተማ ልጅ ስትወድ ነው። ሽማግሌዎች ሆሳዕና ቤታችን ድረስ መጡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ዘር መቆጠር ተጀመረ። ለካስ ልጁም ከዚያው ከአያቴ ጎሳ ነው! በእኛ ዘንድ ይህ በእናት በኩልም ቢሆን እህትና ወንድም ማለት ነው፣ ጋብቻ የለም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ልጄ ክፍሏን ዘግታ ስታለቅስ ሰነበተች፣ እኔም ሟቹን አያቴን ስወቅስ ሰነበትኩ።

ያለን መላ አንድ ነበር፤ አያቴ ዕድሜ ልኩን የካደውን መጤነቱን ማስመስከር። በሕይወት ያሉት ምስክር ደግሞ ጊምቢቹ የሚኖሩት አጎታችን ብቻ ናቸው። አጎት እንበላቸው እንጂ አያቴን ቤቱ ያስጠጋው ሰው ልጅ ናቸው። በሚኒባስ ተጣብቤ ሄድኩ። አያቴ ጨው ሊሸጥ የመጣ ጎረምሳ እንደነበር፣ ወባ ጥሎት አባታቸው ቤት ተኝቶ እንደዳነ፣ በግ ታርዶ ልጃችን ነህ እንደተባለ እየሳቁ አጫወቱኝ። ጉራጌ ውስጥ የማን ልጅ እንደነበር ብጠይቃቸው እነሱም ጠይቀውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። ለምን መጣሽ ሲሉኝ ግን ሳቃቸው ጠፋ። አባታቸው ሲሞቱ ይህንን ሰው መጤ ነው እንዳትሉ ብለው አስምለዋቸው ኖሯል። የልጄን ለቅሶ ስነግራቸው ጫማቸውን አስመጡ።

አጎታችን ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው፣ "እንግዳ ነበር። ከእኛ አልተወለደም" አሉና ጋቢያቸውን ዓይናቸው ድረስ ስበው ተቀመጡ። የፈለግኩት ይኸው ቃል ነበር፤ ስሰማው ግን ተነስቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ውለው ፈቀዱ።

የሰርጉ ዕለት ሴቶቻችን እንደ ደንቡ በሩን ይዘው ሙሽራውን አላስገባ አሉ። አሻግሬ ባይ አጎታችን፣ ጎሳቸው የሙሽራው ጎሳ ነውና፣ በሙሽራው ወገን መሃል ቆመዋል። ሳያንኳኩ ገብተው ጓዳ ድረስ እየዘለቁ ዛሬ ምን ተሠራ የሚሉ ሰው! በጎን ሾልኬ ወጣሁ።

"አባባ፣ ይግቡ እንጂ። በገዛ ቤትዎ ደጅ ይቆማሉ?"

"ያ እኮ ዘመድ እያለሁ ነው" አሉኝ ከዘራቸውን ደገፍ ብለው። "አሁን አማች ነኝ። አማች በር ሲከፈትለት ነው የሚገባው።"

ቀልደው ነው፣ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ክንዳቸውን ያዝኩና ሴቶቹ በሩን እስኪለቁ ድረስ እኔም አብሬያቸው ደጅ ቆምኩ።