ለሾፌሩ የተሰጠው «ልክ ነህ»

ሱሪ ሰፊው ቀናተኛ ነው ቢባል ሚስቱ ራሷ ትስቅ ነበር። በጎረቤት ቤት አልቀና፣ በሰው ሀብት አልቀና። ቅናት የያዘው ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ ያውም በታመመ ሰው ነው።

የታመመው ሸሚዝ ሰፊው ነው። ሁለቱ አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ የስፌት መኪናቸውን ፊት ለፊት ገጥመው፣ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ሲሰፉና ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ሱሪ ሰፊው ፋብሪካውም መሬቱም የሕዝብ መሆን አለበት ባይ ነው። ሸሚዝ ሰፊው ደግሞ መንግሥት እጁን ከሰው ኪስ ያውጣ ባይ። ደንበኛው ልብሱን ከተቀበለ በኋላ እንኳ ክርክሩ እስኪያልቅ ቁጭ ይላል፤ አያልቅም እንጂ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዱ ለሌላው አንድም ቀን «ልክ ነህ» ብሎ አያውቅም።

ከዚያ የሸሚዝ ሰፊው ልብ ደከመ። ደረጃ መውጣት አቃተው፣ እግሩ አበጠ፣ ሆስፒታል ገባ። ሱሪ ሰፊው መጀመሪያ ሰሞን ከልቡ አዝኖ ነበር፤ እንባም አምልጦታል። ሐዘኑን ያበላሹበት ሰዎች ናቸው። በሩን የሚከፍት ሁሉ «እሱ እንዴት ሆነ?» ይላል እንጂ «አንተስ ብቻህን እንዴት ነህ?» የሚል ጠፋ። ትናንት «አድሃሪ» ይሉት የነበሩት ዛሬ «ምን የመሰለ ሰው» ማለት ጀመሩ። ጭራሽ የገዛ ሚስቱ የዶሮ ሾርባ ሠርታ በፔርሙዝ ሞላችለት።

«እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ሎሚ ነው ያቀመስሽኝ» አላት።

«አንተ በሎሚ ትድናለህ። እሱ እህል እምቢ ብሏል አሉ፤ ሳይቀዘቅዝ አድርስለት። ደግሞ እንዳታከራክረው፣ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

አላከራክረውም ብሎ ምሎላት ወጣ። ይሁን እንጂ ሰሞኑን ከሬዲዮ የሰማትን ነገር፣ ሸሚዝ ሰፊውን መውጫ የምታሳጣዋን፣ በሆዱ ይዞ ነበር የሄደው።

የሕመምተኞቹ ክፍል በር ላይ ሲደርስ ቆመ። በጎን ባለው አልጋ ስኳር ያጋደመው አንድ የአውቶቡስ ሾፌር መሬትና ፋብሪካ ለምን የሕዝብ እንደሚሆን ለሸሚዝ ሰፊው ይሰብካል። የሱሪ ሰፊው የራሱ ክርክር ነው፤ ያውም ልኩ ሳይወሰድ የተሰፋ።

ሸሚዝ ሰፊው ራሱን ከትራሱ ሳያነሳ «ልክ ነህ» አለ። «ልክ ነህ ወንድሜ።»

ሱሪ ሰፊውን ቅናት አንገበገበው። ዕድሜ ልኩን የለመናትን ቃል ይሄ ከየት መጣ ያልተባለ ሾፌር ተጋድሞ ወሰዳት። ገብቶ ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገው። ሾፌሩ ያሸነፈ ሰው ስለሆነ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንቅልፉን ጀምሯል።

«ይህንኑ ነገር እኔ ስነግርህ አላረጀሁም?» አለ ሱሪ ሰፊው። «ለኔ የነፈግኸውን ለማታውቀው ሰው?»

«ቀናህ እንዴ?»

«አዎ፣ ቀናሁ።»

ሸሚዝ ሰፊው ሊስቅ ሞከረና ሳሉ ቀደመው። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ።

«ዝም እንዲልልኝ ነው። ‹ልክ ነህ› በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ካንተ ጋር ለመጣላት ግን ብዙ ያስፈልጋል፤ ያለችኝን ላንተ እየቆጠብኩ ነው። በል፣ እንደ ልማድህ ከሬዲዮ ምን ይዘህ መጣህ?»

ሱሪ ሰፊው ትንሽ አመነታና ነገረው። ሸሚዝ ሰፊው በየቃሉ መሃል እያረፈ፣ ከንፈሩ እየጠቆረ፣ መልስ ሰጠ። መልሱ ደካማ ነበር፤ በደህናው ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ ያፍር ነበር። ከአልጋው ግርጌ የተቀመጠችው የሸሚዝ ሰፊው ሚስት እጆቿን አጣምራ በዓይኗ ለመነችው፤ እሺ በለውና ይረፍ ማለቷ ነው።

«ልክ ነህ» የምትለው ቃል ሱሪ ሰፊው አፍ ላይ ደርሳ ነበር። ቀና ሲል ሸሚዝ ሰፊው ያችን ቃል እንደፈራ ሰው አፍ አፉን ያየዋል። ለሾፌሩ እንዴት እንደተጣለችለት ደግሞ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ተሳስተሃል» አለው ቀስ ብሎ። ከፔርሙዙ ቀድቶ ማንኪያውን አቀረበለት። «መጀመሪያ ይህን ጠጣ፤ የት ላይ እንደተሳሳትክ ከዚያ እነግርሃለሁ።»

ሚስቱን እህል እምቢ ሲላት የሰነበተው ሰው አፉን ከፈተ።