ለእናቴ እግር የተነጠፈ ሳር

መርሳ ከተማ ያለው ግቢያችን ጠጠር ነው። እናቴን በሰኔ ዝናብ አንሸራትቷት ቀኝ እግሯ እስኪሰበር ድረስ ጠጠሩን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም። ጀሶው ሲፈታ ወልድያ ያለው ሐኪም «ለስላሳና ደልዳላ መሬት ላይ በባዶ እግርዎ በየቀኑ ይራመዱ፤ አለዚያ ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ ይቀራል» አላት። የቤታችን ሲሚንቶ ያንሸራትታል፤ ደጁ ይወጋል። እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ የምጠብቅ፣ ሥራ የሌለኝ፣ ግን ቁጭ ማለት የማልችል ልጅ ነበርኩ። ነሐሴ ላይ ግራና በምትባለው ጎረቤት ከተማ ካለው የአጎቴ ማሳ ዳር ሰርዶ ሳር ከነአፈሩ በአካፋ እየቆረጥኩ በባጃጅ አመላለስኩ። ጠጠሩን ለቅሜ፣ ለም አፈር አልብሼ፣ ከበረንዳው እስከ ሎሚው ዛፍ ድረስ አነጠፍኩት።

እስከ አዲሱ ዓመት የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። ዝናቡ ሲያቆም ጉዴ ወጣ። በደንብ ያልጠቀጠቅኩት አፈር እየሰመጠ ሳሩ እዚህም እዚያም ጎደጎደ። በቁራሾቹ መካከል ስንጥቅ ታየ፤ ጠርዛቸው ቢጫ ሆነ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለእናቴ ግን አንድ ጉድጓድ ሌላ ስብራት ነው። ቆላ ስለሆንን ደግሞ የበጋው ፀሐይ መሬቱን ሳያደርቀው ሥሩ አፈሩን መያዝ ነበረበት።

ጥሪው መጥቶ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሐሳቤ መርሳ ቀረ። ቅዳሜ ሲደርስ ሚኒባስ ውስጥ እገባለሁ። መንገድ ላይ ሲሪንቃ ስንደርስ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ማሳ ለጥ ብሎ አረንጓዴ ሆኖ ሲታየኝ እቀናለሁ፤ ሾፌሩ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር ተረከዜ ወለሉን ይደበድባል። ቤት እንደደረስኩ ቦርሳዬን ሳላወርድ ሳሩ ላይ እንበረከካለሁ። አሸዋና የደረቀ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅዬ፣ የሳሩ ጫፍ እንዳይቀበር እየተጠነቀቅኩ፣ ጎድጓዳውን በስሱ እሞላለሁ። የሞተውን ቁራሽ አንስቼ ሌላ እተካለሁ፤ ሳንቃ አስተኝቼ ላዩ ላይ ቆሜ እጠቀጥቀዋለሁ። በመጨረሻም ማንም እንዳይረግጠው ዙሪያውን እንጨት ተክዬ በሲባጎ አጠርኩት።

እናቴ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ሆና ታየኛለች።

«አንተ ልጅ፣ የምታስታምመው ሳሩን ነው እኔን?»

«እስኪይዝ ነው እማ። ትንሽ ታገሺ።»

«እኔስ እታገሳለሁ። እግሬ ይታገሳል ወይ?»

ማታ ከመኝታ ክፍል ስደውልም ከአንደበቴ ቀድሞ የሚወጣው የሳሩ ነገር ነበር።

«ውሃ ጠጣ?»

«ጠጣ። ጠግቦ ተኝቷል። አሁን እናትህን ጠይቃት።»

ፀሐዩን እንደምንም እቋቋመው ነበር፤ ያቃተኝ ጠያቂው ነው። በእኛ ሰፈር የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። ደግሞ በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ እርጥብ ሳር ይጨብጣል። የሚመጡት ሽማግሌዎች በረንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጡና እጃቸውን ወደ ሳሬ ይሰዳሉ። የሚመርጡት ለምለሙን ነው፤ ለምለሙ ደግሞ አዲስ የተካሁት ነው። ገና ሥር ስላልሰደደ ከነአፈሩ ይነሳላቸዋል። ለእናቴ ዱዓ የሚያደርግን ሰው «ከዚያ አይንጩ» እንዴት እላለሁ? ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ከወንዝ ዳር ቄጤማ አጭጄ፣ በጆግ ውሃ ውስጥ አድርጌ አግዳሚው አጠገብ አኖርኩላቸው። ማንም አልነካውም።

ኅዳር ውስጥ በአንዱ ቅዳሜ ስመጣ የእናቴ ቁርጭምጭሚት አብጦ ጠበቀኝ። ለማጠፍ ስትሞክር ፊቷ ተጨማደደ። ሲባጎውን ካሰርኩ ወዲህ የምትራመድበት አልነበራትም፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች። ገመዱን ልፍታ? ጧት ያጠጣሁት አፈር ገና ስለሚሰምጥ ልትወድቅ ትችላለች። ልተወው? እግሩ ይደርቃል። ከበረንዳው ወደ ሎሚው፣ ከሎሚው ወደ በረንዳው ተመላለስኩ።

ከዐሱር ሶላት በኋላ የሰፈራችን ሸህ ገቡ። ጎረቤታችን የሆነችው ክርስቲያኗ የደጋ ሴትም ነጠላዋን አጣፍታ ተከትላቸው መጣች። ሸሁ በሳሩ ማዶ፣ ሎሚው ሥር ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከአግዳሚው ሰላምታ ሰጠቻቸው። ስለ እግሯ ጠየቁ፤ ስለ ማሽላው አወሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከሲባጎው በታች አሳለፉ። በዚያው ጧት የተካሁት ቁራሽ ነበር። 

«አባባ ቆዩ! እሱ ገና አልያዘም!»

እናቴ ናት። ከጆጉ አንድ ጭብጥ ቄጤማ መዝዛ ተነስታለች። በሆዷ ሲባጎውን ገፍታ፣ እንጨቱን ጥላ፣ በተጠገነው ሳር ላይ ወደ ሸሁ ሄደች። ምርኩዙ ግድግዳው ላይ ነው። ቄጤማውን እጃቸው ላይ አድርጋ ወደ ኋላዋ ስትመለከት ያለ ምርኩዝ መሻገሯ ገባት።

«አንተ! ያዘኝ!»

ሮጬ ያዝኳት። ጣቶቿ ትከሻዬን ቆነጠጡት።

ሸሁ ቄጤማውን አዩ፤ እናቴን አዩ። «ዱዓዬን ሳልጀምር ደረሰ እንዴ?»

«ለእኛም እንዲህ ያፍጥንልን!» አለች ጎረቤታችን።

የእናቴ ሳቅ እንባ ቀላቀለ። ሸሁ ግን ምርቃታቸውን አልተዉም። «አላህ አፊያ ያድርግሽ፤ እንደዚህ ያለምልምሽ» አሉ። እኛ «አሚን»፣ ጎረቤታችን «አሜን» አልን። «ይህን ልጅም አላህ ያረጋጋው» ሲሉ ከሁሉም በላይ የጮኸችው እናቴ ናት።

በማግስቱ ወደ ወልድያ ከመሄዴ በፊት ሳሩን አየሁት። የቀኝ እግሯ ስስ፣ የግራዋ ጥልቅ ሆኖ ዱካዋ ከበረንዳው እስከ ሎሚው ተቀምጧል። እንዳለ ልተወው ፈልጌ ነበር። ግን የታመመ እግር የሚደነቀፈው እንዲህ ባለው ጉድጓድ ነው። አንድ በአንድ ሞላሁት፣ ሳንቃውን አስተኝቼ ጠቀጠቅኩት። ቀጥሎም እንጨቶቹን ነቅዬ ሲባጎውን ጠቀለልኩ።

«ይሞትብህ የለ?» አለች እናቴ።

«ከሞተ ክረምት ሲመጣ እንደገና አነጥፋለሁ።»

ጫማዋን አወለቀች። ቀኝ እግሯን ሳሩ ላይ አኖረች፤ ቆየች፤ ግራዋን አስከተለች። ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው። እኔ ግን ክንዴን ዘርግቼ ከጎኗ ከጎኗ እሄዳለሁ፤ እግሯን ልይ ወይስ ከእግሯ ሥር ያለውን፣ ዓይኔ የሚያርፍበት ጠፍቶኝ።