ምንጣፍ ላይ የሚያስዋኘው ሳቢት

ሳቢት ዋና ያስተምራል። ውሃ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። ሁለቱ ነገሮች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ለመረዳት ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል፤ ማብራራቱም ደስ ይላል፤ እንዲህ ያለ ማታለል በየቀኑ አይገኝምና።

ሳቢት ያደገው አዲሱ ገበያ፣ ከእናቱ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ጀርባ ነው። እናቱ ሱቁን ሊያወርሱት ፈልገው ነበር፤ እሱ ግን ባንኮኒ ኋላ ሲቆም ወገቡን ያመዋል። የስልክ ቀፎ መሸጥ ጀመረና ሰለቸው። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ገብቶ የጽሑፉን ፈተና አለፈ፤ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ደነገጠና በዚያው ቀረ። እንዲህ ሲል ሲል የእናቱ እህት ጀዊሪያ ጉለሌ ዳገቱ ላይ ግቢ ተከራይታ ለሙስሊም ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች፤ ሳቢትንም ቀጠረችው።

ጠዋት ጠዋት የመዋዕለ ሕፃናቱ ሥራ ምንም ነቀፋ የለበትም። ልጆቹ ሀሁንና የዓረብኛውን አሊፍ ባ ይቆጥራሉ፣ አጫጭር የቁርዓን ሱራዎች በቃላቸው ይሐፍዛሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ቢስሚላህ ብለው ምሳቸውን ይበላሉ። ጣጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዳገቱ በላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በሩ ላይ «ቴኳንዶ» ብሎ ለጠፈ። ከዳገቱ በታች ያለው «ሮቦቲክስ» አለ። ጀዊሪያ ማንም ያልደረሰበትን አመጣች፤ ለልጆቻችሁ ዋና፣ ቀስትና ፈረስ ግልቢያ አስተምሩ የሚለውን፣ በሙስሊሞች ዘንድ ከጥንት የሚነገረውን ምክር። ምክሩ ድንቅ ነው። ምክሩን ይሰሙ የነበሩት ሰዎች ግን ፈረስ ነበራቸው። ጀዊሪያ ያላት ሳቢት ነው።

ስለዚህ ቀስቱ የመርካቶ ፕላስቲክ፣ ፈረሱ የመጥረጊያ እንጨት ሆነ። የዋናው ትምህርት የበለጠ ብልሃት ጠይቋል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው አዳራሹ ውስጥ በተነጠፈው ሰማያዊ ምንጣፍ ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ፤ ከሆዳቸው ሥር ትራስ ይገባል። ሳቢት ቱታውን ለብሶ ፊሽካ ይነፋል። አንዴ ሲነፋ ቀኝ እጅ፣ ደግሞ ሲነፋ ግራ እጅ፣ አስረዝሞ ሲነፋ እግር ማርገብገብ። ከዚያ ጉንጫቸውን ሞልተው ፊታቸውን ምንጣፉ ላይ ይደፉና «ቡፍ!» ብለው ቀና ይላሉ። ለወገብም ለትንፋሽም እጅግ ጥሩ እንቅስቃሴ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። የምንጣፍ ጨዋታ ቢሉት ኖሮ ሊመሰገኑ ይገባ ነበር። እነሱ ግን «የዋና ሥልጠና» ብለው በር ላይ ለጠፉ፤ ሳቢትም «ኮች» ካላሉት አቤት አይልም።

ሰልዋ ሽሮ ሜዳ ጨርቅ ትሸጣለች። የአምስት ዓመት ልጇ ሂሻም ምንጣፉን ሲቀዝፍ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላሳየችው ደንበኛ የለም። አረፋ ሲቃረብ ልጇን ልትወስድ መጥታ፣ ሳቢትን በሩ ላይ አገኘችው።

«ኮች፣ ለበዓሉ ላንጋኖ ልንሄድ ነው። ሂሻምን ሐይቁ ውስጥ ለቀን አባቱን ጉድ እናሰኘዋለን!»

እዚህ ላይ ሳቢት ማለት የነበረበት «ልጁ ዋና አይችልም» ብቻ ነው። አንድ ሰው አምኖ ልጁን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሊለቀው ነው፤ ይህን የሚያስቀረው ያ አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር።

«ማሻአላህ!» አለ ሳቢት። «ላንጋኖ እኮ... እ... ማለቴ ማዕበል አለው።»

«ፊቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ብቅ ይላል አይደል?»

«እዚህማ ሁሌ ብቅ ይላል።»

«ሐይቁ ውስጥስ?»

«ቲዎሪውን ጨርሷል እትዬ ሰልዋ። ፕራክቲካሉ ነው የቀረው፣ በቃ።»

ሰልዋ ነጋዴ ናት፤ ቀለሙ አይለቅም ብሎ የሚምል ሻጭ ዓይኑ ወዴት እንደሚሸሽ ታውቃለች። «እንግዲያው አብረኸን ና» አለችው። «ማረፊያውም ምግቡም በእኛ። አንተ ቀድመህ ገብተህ ትቀበለዋለህ።»

ጀዊሪያ ከቢሮዋ አንገቷን አወጣች። «ይመጣል እንጂ! የእህቴ ልጅ እኮ ዓሣ ነው!»

«ጥሬው ወይስ የተጠበሰው?» አለች ሰልዋ።

ሳቢት «ኢንሻአላህ» አለ። አላህ ከፈቀደ ማለት ትልቅ ቃል ነው፤ ሳቢት ግን እንደ ጓሮ በር ሹልክ ሊልበት ተጠቀመበት።

የመንገዱ ዕለት ጠዋት የእነ ሰልዋ መኪና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሳቢትን ጠበቀ። ስልኩ ዝግ ነው። ሰልዋ ደጋግማ ሞከረች። ባሏ መሪውን እንደያዘ፣ «ተይው፣ ዓሣ ስልክ አያነሳም» አላት።

«ኮች አይመጣም?» አለ ሂሻም ከኋላ ወንበር።

«አይመጣም።»

«እሰይ!»

«ለምን እሰይ?»

«እሱ ከመጣ ውሃ ውስጥ ትከቱኛላችሁ። እኔ እፈራለሁ። ምንጣፉ እኮ አያሰምጥም።»

ሰልዋ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ላንጋኖ ሲደርሱ ሂሻም አባቱ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ገባ፤ ከዚያ አላለፈም።

ከበዓሉ በኋላ ሳቢት ኮፍያውን አጥልቆ ብቅ አለ። «ወባ ጥሎኝ ነበር» አለ።

«ጉለሌ ላይ? በእንጦጦ ብርድ?» አለች ሰልዋ። «ወባዋስ ካፖርት ለብሳ ነው የመጣችው? ለማንኛውም አንድ ነገር ልጠይቅህ። እነዚህ ልጆች ዋና ይችላሉ ወይስ አይችሉም?»

ሳቢት አክስቱን አየ። አክስቱ መሬት መሬቱን አየች።

ሰልዋ ወደ በሩ ሄዳ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ለመጡት እናቶች ራሷ ነገረቻቸው። «ልጆቻችን ዋና አይችሉም። ማንም አምኖ ውሃ ውስጥ እንዳይለቃቸው።» አንዷ እናት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ የእሷ ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት ከአጎታቸው ጋር ሐዋሳ ሊሄዱ ነበር።

ሳቢት ከኋላ ደረሰ። «እትዬ ሰልዋ፣ ስሜን እኮ አጠፉት» አለ።

ስሙን ነው ያለው። የልጆቹ ነገር ያኔም ትዝ አላለውም።