የክረምት ጢያራ

አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከመኝታ ቤቴ መስኮት ማዶ ቤት የሚሠራ ጎረቤት አለ፤ ሌሊት ሲዘንብ ካደረ ጠዋት ለመሠረት ያስቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ሊያስወጣ ትንሽ የውሃ ሞተር ያስነሳል። ዱግ ዱግ ዱግ ብሎ ይጀምርና የናፍጣው ሽታ ከእርጥብ ጭቃ ሽታ ጋር ተደባልቆ ሲገባ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ከሚሴ እናትና አባቴ ቤት የተኛሁ፣ አባቴም ጓሮ ውስጥ አውሮፕላኑን የሚያስነሳ ይመስለኛል። ከዚያ ሥራ እንዳለብኝ ትዝ ይለኝና ደክሞኝ እንደተኛሁ ደክሞኝ እነሳለሁ።

አባቴ ሰይድ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነበር። ልጅ ሳለ፣ የግሪሳ ወፍ ማሽላውን ሊጨርሰው ሲል መድኃኒት ሊረጭ የመጣ ትንሽ አውሮፕላን ጨፋ ሜዳ ላይ አርፎ፣ አብራሪው ክንፉን በእጁ እንዲነካ ፈቅዶለት ነበር። «ያን ቀን የነካበት እጁ እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም» ትል ነበር እናቴ። እኔ ነፍስ ሳውቅ አውሮፕላኑ ጓሯችን ውስጥ ነበረ፤ አካሉ ከቀጭን የብረት ቱቦ ተበይዶ፣ እግሩ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ጎማ ተገጥሞለት፣ ክንፉ በቀርከሃ ላይ ሸራ ተወጥሮበት፣ ከፊት የሚሽከረከረው መቅዘፊያው ከዋንዛ እንጨት ተጠርቦ። የአገራችን ሰው አውሮፕላንን ጢያራ ስለሚል አባቴ ሰይድ ጢያራ፣ እኔም የጢያራ ልጅ ተባልን። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ልጆቹ ከኋላ ሆነው በአፋቸው የሞተር ድምፅ ያሰሙልኝ ነበር።

አውሮፕላኑ የጎደለው ነገር አልነበረም፤ ችግሩ ሞተሩ የእሱ ብቻ አለመሆኑ ነበር። ቦርከና ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምንተክልባት ማሳ ነበረችን፤ ውሃውን ከወንዝ የሚስበው ሞተር ያው አንዱ ሞተር ነበር። እሱንም ቢሆን የማሳ ጎረቤታችን ከሆኑት ከሼህ አደም ጋር ተጋርተን ስለገዛነው፣ የሁለት ቤት ሽንኩርት በእሱ ላይ ነበር የሚኖረው። ሌላ ሞተር መግዛት የሚባል ወሬ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም።

ሐምሌ ሲገባ ማሳውን ዝናቡ ስለሚያጠጣልን ሞተሩ በጋሪ ተጭኖ ወደ ቤት ይመለስ ነበር። አባቴ በር ላይ ቆሞ እንደ ሙሽራ ይቀበለው ነበር። ጭቃውን በናፍጣ አጥቦ፣ ማጣሪያውን አራግፎ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቆ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ይሰቅለውና ገመዱን ስቦ ያስነሳው ነበር፤ ያኔ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ ዶሮዎቹ ይበታተናሉ፣ እናቴ ከጓዳ ብቅ ትልና «ኸረ በአላህ ሰይዶ! ልጅቷ ቁርኣን እየቀራች ነው!» ብላ ትጮህ ነበር። ልጅቷ ግን ቁርኣን እየቀራች አልነበረም፤ አውሮፕላኑ ላይ ካለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥርሷ በሞተሩ እየተንገጫገጨ ትስቅ ነበር።

ነገር ግን በክረምት ጨፋ ውሃ ነው። ቦርከና ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛበታል፤ ጎማ ይቅርና የበሬ እግር እንኳ ይውጣል። «አስፋልቱስ?» ሲሉት አባቴ «አስፋልቱ የአይሱዙ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ አውሮፕላናችን ባለበት ቆሞ እየጮኸ ይከርማል።

መስከረም አልፎ ውሃው ሲሸሽ፣ ጭቃውም እየጠነከረ ሲመጣ፣ ሼህ አደም በራችን ላይ ይቆሙ ነበር። «አካም ቡልተ ሰይዶ? ነጋ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደረ፣ ሰላም መሆኑን ይጠይቁታል። «ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላቸዋል። ለሞተሩ እንደመጡ የሚያውቀው አባቴ መፍቻውን አንስቶ ሞተሩን ከአፍንጫው ላይ ይፈታው ነበር። ክንፎቹም ተነቅለው፣ አንደኛው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሥሩ ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ፣ ሌላኛውን እናቴ ፀሐይ ላይ አጋድማ በርበሬ ታሰጣበት ነበር። «እሱ ላይ የተሰጣ ቶሎ ይደርቃል» ትላለች።

በጋ ሲሆን ሜዳው ደረቅ፣ ሰፊና ልሙጥ ይሆን ነበር። ከአፋር ቆላ ግመልና ከብት ይዘው የሚወጡት፣ የእኛም አገር ከብት ጠባቂዎች፣ ሁሉም እዚያ ይሰፍራሉ። አባቴ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እጄን ይዞ ይወስደኝና፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየሄደ፣ ድንጋይ ሲያገኝ በእግሩ ወደ ጎን እየገፋ ይመለከተው ነበር። ከወንዙ በኩል የሞተራችን ድምፅ ይሰማል። ሁለታችንም እንሰማዋለን። ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ ሞተሩ እረፍት የሚያገኘው ሜዳው ሲሰጥም፣ ሜዳው የሚደርቀው ሞተሩ ሥራ ሲይዝ ነበር፤ በዚህ መሐል የአባቴ ጢም ሸበተ።

አንድ ዓመት፣ ጥር ላይ፣ እናቴ ሰለቻት። ጓሮ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ የአውሮፕላኑ ጭራ ቀሚሷን ይዞ ቀደደባት፤ የተቀደደውን ይዛ ትንሽ ቆመችና ሳትቆጣ፣ ደክሟት፣ «ሰይዶ፣ ሞተሩን አምጣው። ሽንኩርቱ ውሃ ሳያገኝ እስከ እሑድ ይችላል። ወይ ይብረር ወይ ይቅር፣ ብቻ ከዚህ ነገር እንገላገል» አለችው። አባቴ የሰማውን አላመነም። «ሼህ አደምስ?» አላት። ሄዳ የጠየቀችው እሷ ራሷ ናት። ሼህ አደም ጺማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና «ቶሌ፣ ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ አውሮፕላኑ በሁለት ጋሪ ተጭኖ ጨፋ ወረደ። ከብት ጠባቂዎቹ ከብቶቻቸውን ወደ ዳር ነድተው መንገድ ለቀቁለት። ሼህ አደም እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ ሰውየውን በሰላም አውርደው፤ ሽንኩርቱንም አደራ» ብለው ዱዓ አደረጉ፤ ሰዉም ሳቅና አሚን ቀላቅሎ መለሰ። እናቴ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

አውሮፕላኑ መጀመሪያ እንደ ጋሪ እየተንገጫገጨ ሄደና ተመለሰ። በሁለተኛው ግን ፈጠነ፤ አቧራው ከኋላው ተነስቶ፣ ጭራው ከመሬት ቀና ብሎ፣ ጎማዎቹ ቀለል እያሉ ሄዱ። ልጆች ከጎኑ ሲሮጡ እኔም አብሬ እየሮጥኩ ጎማውን ብቻ ነበር የማየው፤ በጎማውና በመሬቱ መሐል ብርሃን ልይ ብዬ። ያኔ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ድንገትም ፀጥ አለ። አውሮፕላኑ እየተንከባለለ ሄዶ ቆመ።

የተበላሸ መስሎን ስንደርስ አባቴ ወርዶ፣ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር፣ እጁን ሞተሩ ላይ አስጠግቶ ነበር። ያጠፋው ራሱ ነው።

«ምን ሆንክ?» አለችው እናቴ እያለከለከች።

«ሞቋል። ትንሽ ብገፋው ወይ ጢያራው ይነሳል ወይ ሞተሩ ነክሶ ከሥራ ውጭ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አልገፋኸውም?»

አባቴ ወደ ወንዙ ዳር፣ አረንጓዴ ወደሆነው ወደ ማሳችን አየ። «ሽንኩርቱን ምን ያጠጣዋል ፋጤ?» አላት።

እናቴ እዚያው አቧራ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያኔ ስላፈረች መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እንደዚያ አይመስለኝም።

በማግስቱ ሞተሩ ወንዝ ዳር ተመለሰ። ሽንኩርቱም አማረ፤ ባቲ ተወስዶ ተሸጠና ለእኔ ዩኒፎርምና ጫማ ተገዛበት። ጫማውን ጠላሁት። ሽንኩርቱ ደርቆ እኔ በአሮጌው ጫማ ብሄድና አባቴ አንዴ፣ ለአንድ አፍታ ከመሬት ቢነሳ እመርጥ ነበር፤ ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሰው ለአንቺ ብሎ የተወውን ነገር እግርሽ ላይ አድርጎ መሄድ ይደክማል።

ክረምት መጣ። ሞተሩ በጋሪ ወደ ቤት ተመለሰ፣ አባቴም እንደ ልማዱ በናፍጣ አጠበው፤ ከዚያ ግን ጆንያ አልብሶ ጥግ ላይ አስቀመጠው። እናቴ ስትወጣ ስትገባ ጆንያውን እያየች ሰነበተችና አንድ ቀን «አትሰቅለውም እንዴ?» አለችው።

«ይረፍ እስቲ። እሱም ደክሞታል።»

ከዚያ ወዲያ ክረምቱ ዝናብ ብቻ ሆነ። ቁርኣኔን ማንም ሳይረብሸኝ ቀራሁ፤ እናቴም የምትጮህበት ነገር አጥታ በጊዜ ትተኛ ጀመር።

ዛሬ ማሳችንን የሚያጠጣው በፀሐይ የሚሠራ መሳቢያ ነው፤ ድምፅ የለውም። አሮጌው ሞተር በጋም ክረምትም ጆንያ ለብሶ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ኅዳር ቤት ሄጄ ሳለሁ፣ ሥራው ሰልችቶኝ ስለነበር ይሁን ምን አላውቅም፣ «አባ፣ ሞተሩ እኮ አሁን ሥራ የለውም። በጋም እየገባ ነው» አልኩት። አባቴ ጉልበቱን እያሸ «ሜዳው የታለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ውሃ መሳብ ስለቀለለ ጨፋ ከዳር እስከ ዳር ታርሷል፤ ያ አውሮፕላኑ የሮጠበት መሬት ሽንኩርት ነው፣ የእኛም መደብ አለበት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ጓሮ ውስጥ በርበሬ በክንፉ ላይ ተሰጥቷል፤ ሸራው ጠቁሮ፣ ቦታ ቦታ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተጥፎ፣ ግን ያው ክንፍ ነው። በርበሬውን ላፍስ ቁና ይዤ ስሮጥ እናቴ ቀድማኝ ደርሳ፣ በዚያ በሚያማት ወገቧ ጎንበስ ብላ ክንፉን አዘነበለችውና የዓመቱን በርበሬ በሙሉ ጭቃው ላይ ደፋችው።

«በዚያ በኩል ያዢ ዘሃራ! ምን ታፈጫለሽ፣ ክንፉ እኮ ራሰ!»

ይዤ አስገባነው። አባቴ በር ላይ ቆሞ «ፋጤ፣ በርበሬው!» አላት።

«በርበሬ ይገዛል» አለችው፤ ነጠላዋንም ከትከሻዋ አውርዳ ሸራውን ታደርቅ ጀመር።