አጎቴ ያጮሁልኝ ጅራፍ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ምንም ነገር ሲነገራቸው «እስቲ በእጅሽ አሳይኝ» ማለት ልማዳቸው ነበር። በእጅ ካላዩት ገባኝ አይሉም።

እኔ ጎንደር የፊዚክስ መምህርት ነኝ። አንድ እሑድ አምባ ጊዮርጊስ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ለማግስቱ ትምህርት የተቸገርኩበትን ነገርኳቸው።

«አያ፣ ኤሌክትሮን የሚባል ዓይን የማያየው ቅንጣት አለ። በማሽን በኃይል ያስሮጡትና መንገዱን በማግኔት ድንገት ያጥፉበታል። ያን ጊዜ ብርቱ የራጅ ጨረር ብልጭ ብሎ ይጠፋል።»

«እስቲ በእጅሽ አሳይኝ።»

እጄን ባወናጭፍ ባወናጭፍ አልሆነልኝም። ተነሥተው ለቡሄ የገመዱትን ጅራፍ ከግድግዳው አወረዱና ደጅ ወጡ። ጧ!

«ወደፊት ሲሄድ ዝም ነው፤ ድንገት ሲመልሱት ነው የሚጮኸው። ያንቺስ?»

«እንዲሁ ነው፣ አያ።»

«ታዲያ ምነው እንዲህ ሸጋ አድርገሽ አትነግሪኝም?» ብለው ሳቁ።

በአርባቸው ዕለት ባለቤታቸው ጅራፉን ሰጡኝ፤ ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀረ። አሁን ይህን ትምህርት የማስተምረው ተማሪዎቼን ሜዳ አውጥቼ ነው። ጅራፉን አጮኸዋለሁ፤ ይስቃሉ፣ ይገባቸዋል፤ እኔም ደስ ይለኛል። በሌላው ትምህርት ግን «ገባን» ሲሉኝ አላምናቸውም፤ «በእጅሽ አሳይኝ» ያለኝ የለማ።